ለመርዶ ያቀለልኩት ቤት

እናታችን ስትሞት እኔ ጅዳ፣ ካራንቲና የሚባል ሰፈር ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ደግሞ መካ ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ለእኔ እዚያው ያሉ ያገራችን ሰዎች መጥተው ነገሩኝ። እህቴን ማን ያርዳት የሚለው በእኔ ላይ ወደቀ።

እኛ ቤት መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ሐዘንተኛውን ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው አፍ የሚከፈተው። እህቴ ብቻዋን፣ የሰው ኩሽና ውስጥ ቆማ እንድትሰማው አልፈለግኩም። ከዚህ ሌላ የፈለግኩት ነገር አልነበረም።

መሄድ አልችልም። ከአሠሪዬ ቤት ጠፍቼ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም። መካ ቅርብ ነው፤ ግን መንገድ ላይ ከተያዝኩ ሹመይሲ እስር ቤት አስገብተው አገሬ ነው የሚሸኙኝ። እዚያው መካ፣ ኩዳይ የምትኖር ያገራችንን ልጅ ለምኜ ላክኋት። የእህቴ ማዳም በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻትና "ሥራ ላይ ናት፣ ኸላስ" ብላ ዘጋችባት።

የቀረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ቦታ ከተባለ ነው።

ኮምቦልቻ ድራፍቲንግ ተምሬያለሁ። የሰው ቤት ፕላን እሠራለሁ ብዬ ተመርቄ የሰው ቤት ወለል ስወለውል ነው የኖርኩት። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ልጆች ኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ነበር። ጨዋታ ይባል እንጂ ዓለም ነው፤ ሰው የራሱን ምስል ይዞ ይገባል፣ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ በድምፅ ያወራል፣ የፈለገውን ቤት ራሱ ይሠራል። ልጆቹ የሠሩትን ቤት አይቼ ሳቄ መጣ። ምሰሶ የሌለው ጣሪያ! ካራንቲና ከገባሁ በኋላ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁና እዚያ ዓለም ውስጥ ወሎ ያለውን የእናታችንን ቤት ሠራሁ።

ዓርብ ከምሳ በኋላ የእህቴ አሠሪዎች ሲተኙ እሷ በስልኳ ትገባለች። እኔም እገባለሁ። ግቢያችን ውስጥ እየዞርን እናወራለን። እህቴ ስትጨቃጨቅ የሚያህላት የለም። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው ትላለች። ግድግዳው እንዲህ ቀይ አይደለም ትላለች። ካልተስማማን አገር ቤት እንደውልና እማዬ ትፈርዳለች፤ ሁልጊዜም ለእሷ ነው የምትፈርደው። አንድ ቀን "ሰው የሌለበት ቤት ይከብደኛል፤ እማዬን ሥሪያት" አለችኝ። ሠራኋት። በሩ ላይ፣ ሻሿን አስሬ፣ እንደምትቀመጠው አድርጌ አስቀመጥኳት። ስንነግራት "ሥራ ፈት ሁላ! እኔን አሻንጉሊት አደረጋችሁኝ?" ብላ ስልኩን ሳቅ በሳቅ አደረገችው።

ችግሩ የእህቴ ስልክ ነበር። የማዳሟ ልጅ የጣለችው አሮጌ ስልክ ነው። እዚያ ዓለም ውስጥ እያንዳንዱ ነገር ክብደት አለው፤ ጠርዙና እጥፋቱ በበዛ ቁጥር ስልክ ያስጨንቃል። ስለዚህ እህቴ ስትገባ መጀመሪያ መሬቱ ይመጣላታል፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ቀጥሎ በሩ። እማዬ የሻሿና የቀሚሷ እጥፋት ብዙ ስለሆነ መጨረሻ ነው የምትታያት። እስክትመጣ ድረስ እህቴ በሩ ፊት ቆማ ትጠብቃታለች። ይህ እንግዲህ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነው። ለመርዶ ግን ሰው ያስፈልጋል፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ደግሞ በክብደት ላይ ክብደት ነው። ያን ያህል ሰው ከገባ ስልኳ ግሎ ይጠፋል፤ መርዶው መሐል ላይ ከጠፋ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

ስለዚህ ቤቱን ማቅለል ጀመርኩ። የካቡን ድንጋይ እያንዳንዱን ለብቻው ነበር የቀረጽኩት። ሁሉንም አጠፋሁና አንዱን ድንጋይ ደጋግሜ ደረደርኩ። ከግቢው ጀርባ ያለውን ተራራ ጠፍጣፋ ሥዕል አደረግኩት። የግድግዳውን ጀርባ፣ የጣሪያውን ውስጥ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየውን የአልጋውን ሥር ቆረጥኩ። የጓዳውን በር ዘግቼ ውስጡን ባዶ አስቀረሁት። ሰው እናቱን ቀብሮ ቤቷ ይቀመጣል። እኔ እናቴን ሳልቀብር ቤቷን አፈረስኩ።

አንድ ክፍል የምንጋራ ብዙ ሴቶች ነበርን። ትልቋ ሐጅ ስላደረገች ሐጂያ ነው የምንላት። ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ስታይ ቆየችና በሩ ላይ የተቀመጠችውን እማዬን ጠቆመችኝ።

"እሷን እዚያ ጎልተሻት፣ ሞታለች ልትዪ ነው?" አለችኝ። "አንሻት ልጄ። ለእሷ ዱዓ ነው የሚያስፈልጋት።"

ከቀረው ነገር ሁሉ የምትከብደውም እሷ ነበረች። ሰርዝ የሚለውን ስነካ ጨዋታው "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ምኑ ነው ደግሞ የሚያዋራኝ! አይደለሁም ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ አዎ የሚለውን ነካሁት።

ዓርብ ሰው መጣ። የክፍላችን ሴቶች በየስልካቸው ገቡ፤ ጅዳ ውስጥ በየሰው ቤት ያሉ ያገራችን ልጆችም፣ ማዳሞቻቸው የፈቀዱላቸውም ያልፈቀዱላቸውም፣ ገቡ። ለሁሉም ጥቁር አባያ ሠርቼላቸው ነበር። አንዷ ጨዋታው የሰጣትን ክንፍ ማውለቅ አቅቷት ከነክንፏ መጣች። የሳቀ የለም። ግቢው ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ።

እህቴ ገባች። ምንም አልተንቀራፈፈባትም።

"እንዴ! እትዬ፣ ምን አድርገሽው ነው ዛሬ እንዲህ የፈጠነው?" አለች። ደስ ብሏታል። "ይሄ ሁሉ ሰውስ? ሠርግ አለ እንዴ?"

ሐጂያ እንድትናገር ተስማምተን ነበር። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ይሰማል፤ ቃል ግን አልወጣትም። እህቴ በመሐላችን አልፋ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ቆመች።

"እማዬ ገና አልመጣችልኝም" አለች። "ስልኬ ነው። ቆዩ፣ አሁን ትመጣለች።"

ጠበቀች። ምስሏ ባዶውን በር እያየ ቆሟል። ክፍላችን ውስጥ የሁላችንም ትንፋሽ ይሰማል። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ክብደቱን ሁሉ አሰላሁ፤ መጥታ እንደምትጠብቃት ግን አላሰብኩም።

"ዛሬስ ኔቱ ነው መሰለኝ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "እትዬ፣ ለአንቺ ትታይሻለች?"

"አትታየኝም" አልኩ።

ምስሏ ከበሩ ወደ እኛ ዞረ።

"ልጄ" አለች ሐጂያ፣ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን በይ።"

አልጮኸችም። የሆነ ነገር ወለል ላይ ወድቆ ሲንከባለል ሰማን፤ ክዳን ይሆናል። ከዚያ ድምጿ ቀጥኖ መጣ።

"ተቀብራለች?"

"ተቀብራለች፣ እህቴ" አልኳት።

"ታማ ነበር?"

"ብዙ አልታመመችም።"

ልታለቅስ ስትጀምር ከአሠሪዎቿ ቤት ውስጥ የሴት ድምፅ ተጣራ። እንግዳ ሳይታሰብ መጥቷል። "ያላ፣ ሻሂ!" ብላ ማዳሟ ሻይ አዘዘቻት።

"ሃዲር፣ ማዳም!" አለች እህቴ።

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እንደሌላው ቀን ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ታዛዥ።

"እትዬ፣ አልዘጋውም፤ ኪሴ ውስጥ ነው የማደርገው" አለችኝ በሹክሹክታ። "እናንተ አትሂዱ።" ምስሏን ሴቶቹ መሐል አስቀመጠችው።

ሐጂያ ዱዓ ማድረግ ጀመረች፤ እኛም "አሚን" እንላለን። በመሐሉ ከእህቴ ኪስ ውስጥ የውሃው መፍላት፣ የብርጭቆዎቹ መጋጨት፣ የእግሯ ኮቴ ይሰማናል። ከዚያ በር ተከፈተ። የሴቶች ጫጫታና ሳቅ መጣ። እህቴም ለእንግዶቹ "አህለን፣ አህለን" ስትል ሰማኋት፤ ፈገግ ብላ ነው ያለችው፣ ከድምጿ አውቀዋለሁ። የእናቴን ሞት ከሰማሁ ጀምሮ ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።