ናዝሬትን በስፖንጅ ከፍ ያደረግንበት ሰሞን

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ፊደል የሚያሳምር እጅ ሥራ አያጣም ነበር። እኔ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ትቼ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እየተዋስኩ ግጥም መጻፍን ራሴን በራሴ የማስተምር ጎረምሳ ነበርኩ። ቀበሌያችን ግጥሜን ሊሰማ አልፈለገም፤ የፊደሌን ውፍረት ግን ወደደው። ቀይ ጨርቅና ነጭ ቀለም ይሰጡኛል፣ መፈክሩን ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። በበዓል ሰሞን ከመናኸሪያው እስከ ባቡር ጣቢያው የሚንጠለጠለው ሁሉ የእጄ ሥራ ነበር። አንድም ሰው ቆሞ ሲያነበው አላየሁም። የከተማችን ነፋስ ብቻ ሲያገላብጠው ይውላል።

አንድ ዓመት ለሠራተኞች ቀን የትምህርት ቤቶች ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል ተባለ። ያወጀው የአካባቢያችን ካድሬ ነው፤ በካኪ ኮቱ ደረት ኪስ ላይ እስክሪብቶ ደርድሮ በአንዱም ሲጽፍ ታይቶ የማያውቅ ሰው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ አንደኛ ያለው ክፍል በሶደሬ መንገድ ባለ አንድ የሠራተኞች መዝናኛ፣ ከፍል ውኃው ገንዳ ሲዋኝ ይውላል አለ። የተሰለፉት ተማሪዎች አጨበጨቡ። እሱ ለራሱ የተጨበጨበ መስሎት እጁን አነሳ።

ቀበሌው እኔን "ለፊደሉ" ብሎ ወደ አንድ ስድስተኛ ክፍል ላከኝ። የጂኦግራፊ መምህርቷ ድምፅዋ ከሁለተኛው ረድፍ አልፎ የማይሄድ ሴት ነበረች። ያሰበችው ግን ጥሩ ነገር ነው፤ በዚያ ሰሞን ከሰማሁት ሁሉ ሐሳብ ሊባል የሚገባው እሱ ብቻ ነበር። ስምጥ ሸለቆውን ከተደራረበ ስፖንጅ እንሥራው አለች። እያንዳንዱ ንጣፍ አንድ የከፍታ ደረጃ ነው። የታችኛው ሙሉውን ይነጠፋል፤ በላዩ የሚመጣው ሸለቆው ያለበት ቦታ ተቆርጦ ይወጣለታል፤ ቀጣዩ ይበልጥ ወደ ዳር ይሸሻል። በመጨረሻ ደጋው ዳርና ዳር እንደ ደረጃ ይቆማል፣ ሸለቆው መሐል ላይ ይቀራል።

ካድሬው "አስፈላጊው ትብብር ይደረግላችኋል" ብሎ ነበር። ትብብሩን ስንጠብቅ ሰነበትንና ስፖንጁን ራሳችን ከሶፋ ሠሪዎች ለምነን አመጣን። ቢጫ አለው፣ ግራጫ አለው፣ የሻገተ የሚመስል አረንጓዴም አለው። ስፖንጅ መቁረጥ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ምላጩን ይዘህ ስትጫነው ይተኛል፤ ስትለቀው ይነሳል፤ የቆረጥከው መስመርም ካሰብከው ቦታ ሸሽቶ ታገኘዋለህ። በስብሰባ ላይ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። በኋላ ዘዴው ተገኘ፤ ሁለት ልጆች ጣውላ አስተኝተው ይጫኑታል፣ ሦስተኛው በጣውላው ጠርዝ ይቆርጣል።

የምናጣብቀው በጫማ ሠሪ ማስቲሽ ነበር። ሽታው ራስ ስለሚያዞር መስኮቱን ስንከፍት ነፋሱ ይገባና ከሰማያዊ ወረቀት የተቆረጡትን ሐይቆች ይዟቸው ይሄዳል።

"ዝዋይ ሄደ! አቦ ዝዋይን ያዙት!"

"ቆቃን እኔ ይዣለሁ!"

"ያንተ ቆቃ እግርህ ላይ ተለጥፏል፣ ደደብ!"

የቡድኑ አለቃ ሹሩባዋ ሁልጊዜ በግማሽ የተፈታ ቀጭን ልጅ ነበረች። እናቷ ለሽልማት በታሰበው መዝናኛ ውስጥ ፎጣ አጣቢ ናቸው። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ልታግዛቸው ትሄዳለች፤ የምትገባው በኋላ በር ነው፣ ገንዳውን የምታየውም በአጥር ቀዳዳ።

"ውኃው ይሞቃል አሉ" አላት ጣውላውን የሚጫነው ልጅ።

"አሉ አይደለም፣ ይሞቃል። እንፋሎቱ አጥሩ ድረስ ይመጣል።"

"ገብተሽበት ታውቂያለሽ?"

"ገና ነኝ" አለችና ምላጩን ተቀበለችው። ከእሷ የተሻለ የሚቆርጥ አልነበረም። ሌሎቹ ሽልማቱን እንደ ዕጣ ያዩት ነበር፤ እሷ ግን ቦታ እንደያዘ ሰው ነው የምትሠራው።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ካድሬው ሊጎበኝ መጣ። ሞዴሉን ዞረው። አንዴ ደገመው።

"ከተማችን የታለች?"

ልጅቷ በእንጨት አመለከተችው። ናዝሬት በሸለቆው ውስጥ፣ ከደጋው ግድግዳ በታች፣ ተፈጥሮ ባስቀመጠቻት ቦታ ተቀምጣለች።

"ጉድጓድ ውስጥ?"

"ሸለቆ ነው፣ ጓድ" አለች መምህርቷ፤ ድምፅዋ አልደረሰም።

"እንግዳው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከተማችንን ጎንበስ ብለው ሊፈልጉ ነው? ይሄ ከላይ የተቆለለው ማነው?"

"ደጋው ነው" አልኩት። "ከእኛ ከፍ ይላል። ተፈጥሮ ነው።"

ወደ ግድግዳው ዞሮ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ቀይ ጨርቅ አሳየኝ። "አንተ ባለ ብሩሹ፣ እስቲ አንብብልኝ።"

ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን ይላል። አነበብኩለት።

"ታዲያ! ከተማዋ ከፍ ትበል። ከሁሉም በላይ።"

"አዋሽስ፣ ጓድ?" አለ ጣውላ የሚጫነው ልጅ። "ሽቅብ ሊሄድ ነው?"

"አዋሽ በዕቅድ ይሄዳል!"

መምህርቷ የያዘችውን ጠመኔ መሰባበር ጀመረች። ካድሬው አቻ የሌለው ነገር የተናገረ መስሎት እየተንጎማለለ ወጣ።

እኔ በዚያ ዕድሜዬ ገጣሚ ማለት እንቢ የሚል ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። "አንነካውም" አልኳቸው። "ከፈለገ መጥቶ ራሱ ይቁረጠው።" ስለ እውነት ጥቂት ተናገርኩ፤ ንግግሬን ራሴ ወድጄው ነበር። ልጅቷ ሳትሰማኝ ከጥግ የተረፈውን ቢጫ ስፖንጅ ትለካለች።

"ጋሼ፣ ስንት ንጣፍ ይበቃታል?"

"ለምኑ?"

"ከተማዋ ከደጋው እንድታልፍ።"

"ውሸት ነው እኮ!"

"ስፖንጅ ነው እኮ፣ ጋሼ።"

"ነገ እንግዳው ፊት ቆመሽ ናዝሬት ከሁሉ ትበልጣለች ልትዪ ነው?"

"እሱን ለእኔ ተዉት። ከዚያ አጥር ጀርባ ቆሜ የማየው በቃኝ።"

ናቅኳት። እውነቴን ነው፣ ከካድሬው እኩል ናቅኳት። ልጆቹ ተባብረው ከተማዋን ነቅለው ከሥሯ ቢጫ ስፖንጅ ሲደራርቡባት፣ እኔ መስኮት ላይ ተቀምጬ ስለ ከሃዲዎች ግጥም አሰብኩ። ቤት አልመታልኝም።

የኤግዚቢሽኑ ቀን እንግዳው መጣ። ከአዲስ አበባ እስከ እኛ ድረስ መንገዱን ሁሉ ቁልቁል የወረደ፣ ጆሮው ተደፍኖ ገና እየተከፈተለት ያለ ሰው ነው። ከሞዴሉ ፊት ቆመ። ናዝሬት እንደ ሠርግ ኬክ ከሁሉ በላይ ተሰቅላለች፤ አዋሽ ከእግሯ ሥር ግራ ገብቶት ተጠማዟል። ልጅቷ በእንጨቷ አመለከተች።

"ይህ ቆቃ ነው። ይህ ወንጂ ነው፣ አገዳው አለ። ይህ ደራ ነው፣ ወደ አርሲ መውጫው። ይህ የእኛ ከተማ ነው።"

ይህን ብላ አቆመች። ስለ ከፍታ አንዲት ቃል አልወጣትም። ይህን ያስተዋልነው እኔና መምህርቷ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። "ትክክለኛ አቀማመጥ!" አለ፤ ካድሬው ከኋላው ሆኖ ቀድሞ ያጨበጭባል። ሌላው ትምህርት ቤት ከኮምፔርሳቶ የሠራው ትራክተር ሁለተኛ ወጣ። ጎማው ይዞር ስለነበር አዘንኩለት።

በሽልማቱ ቀን እኔም ከአውቶቡሱ ተሳፈርኩ፤ በመዝናኛው በር ላይ የሚሰቀል ጨርቅ ነበራ። ዘበኛው ተሰልፈን ስንገባ ልጅቷን ለያት።

"አንቺ! የፎጣ አጣቢዋ ልጅ! በኋላ በር!"

"ዛሬ በዚህ ነኝ፣ አባባ።"

"ማን ፈቅዶልሽ?"

"እኚህ" አለችና ካድሬውን አሳየችው። ካድሬው ስለ ምን እንደሚወራ ሳያውቅ እጁን አነሳ። ዘበኛው ሰላምታ ሰጠ። ልጅቷ ገባች።

ከዚያ ካድሬው በገንዳው ዳር አቁሞን ንግግር ጀመረ። ከኋላችን የውኃው እንፋሎት ይነሳል፣ ፀሐይ አናታችንን ትጠብሳለች፣ እሱ ከዓለም ሠራተኞች ተነስቶ ገና ወደ አፍሪካ መድረሱ ነው። ልጆቹ በስፖርት ቁምጣቸው ቆመው ይቁለጨለጫሉ። ልጅቷ ዞር ብላ ውኃውን አየች፤ በአጥሩ በኩል ያንን ቀዳዳም አየች። ከዚያ አፍንጫዋን ያዘችና ዘለለች።

"ገና ነው! አላለቀም!" ብሎ ጮኸ ካድሬው። ማን ሰምቶት? ክፍሉ በሙሉ ተከታትሎ ገባ። ፊት ለፊቱ የቀረነው እኔና መምህርቷ ነበርን፤ እሱም ንግግሩን ለሁለታችን ቀጠለ።

መዋኘት አትችልም ነበር። ጠርዙን የሙጥኝ ብላ፣ እስከ አገጯ ተነክራ፣ እየሳቀች ቆየች። እናቷ የታጠፈ ፎጣ በክንዳቸው ተሸክመው ከማጠቢያው ወጡ፤ ልጃቸውን እዚያ ሲያዩ መጀመሪያ ዘበኛውን ፈልገው ዙሪያውን ቃኙ። የሚቆጣ አልነበረም። ቀስ ብለው መጡና ለእንግዶች እንደሚያደርጉት ጎንበስ አሉላት።

"ፎጣ ይፈልጋሉ፣ እመቤቴ?"

"አዎ" አለች ልጅቷ፣ ከውኃው ሳትወጣ። "ደህና የታጠበውን ይስጡኝ።"

"ኮቱ!" አሉ እናቷ በኦሮምኛ፣ ነይ ውጪ እያሉ፤ በፎጣው ጫፍ ትከሻዋን ሸንቆጥ አደረጓት። ልጅቷ ጠርዙን ሳትለቅ ወደ ውኃው ውስጥ ሸሸች።