በልጄ ክፍል የተጠየቅኩት ጥያቄ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከዲላ የተነሳሁት ልጄን ላድን ነው። ሳሮን ሀዋሳ ውስጥ አራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ወላጆች «የልጆቻችን ደብተር ባዶ ነው» ብለው ስለከሰሷት፣ ርእሰ መምህሩ ዛሬ እነሱ ባሉበት እንድታስተምር አዟታል። ካላሳመነቻቸው ክፍሉን ለሌላ መምህር ይሰጠዋል። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የትምህርት ዕቅድ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩላት። በእሱ ብታስተምር ማን ይነካታል?

ሚኒባሱ በእንሰቱና በቡናው መሃል ሲከንፍ የምመክራትን በልቤ አዘጋጀሁ። መንገድ ላይ ካለችው ከአፖስቶ ከተማ ሁለት አናናስ በመቶ ሃምሳ ብር ገዛሁ፤ ተወዶብኛል፣ ግን ባዶ እጄን አልሄድም።

ሦስት ሰዓት፣ ሀዋሳ

ከመናኸሪያ በባጃጅ፣ በጉዱማሌ መናፈሻ በኩል አድርጌ ትምህርት ቤቱ ደረስኩ። ሳሮን በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ገርጥቷል። ደብተሩንና አናናሱን ስሰጣት አናናሱን ብቻ ተቀበለችኝ።

«አባዬ፣ ደብተሩ ይቆይ። ዛሬ እንግዳዬ ሁንልኝ» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ወላጆቹ ከኋላ ተደርድረዋል። የከሳሾቹ መሪ መናኸሪያ አካባቢ ጨርቅ የሚሸጡ እናት ናቸው፤ የልጃቸውን የማርታን ደብተር እንደ ማስረጃ ይዘው መጥተዋል። እኔ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የሳሮን ደንብ አንድ ነው፦ ልጆቹ እንግዳውን በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፣ መልሱን የሚያውቁትን መጠየቅ ግን ክልክል ነው።

ከየት እንደመጣሁ፣ ሥራዬ ምን እንደነበር፣ መንገድ ላይ ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ። ተንተባተቡ፣ ተሳሳቱ፣ ግን አላቆሙም። ከዚያ ማርታ ተነስታ፣ ማስተማር በጀመርኩበት ቀን ፈርቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

በሠላሳ ዓመት አንድም ተማሪ በእንግሊዝኛ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ጠያቂው እኔ፣ መልሱንም የማውቀው እኔ ነበርኩ። መልሴ ሲዘገይ ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ። ሳሮን ከንፈሯን ነከሰች። ማርታ ግን ያልገባኝ መስሏት ጥያቄውን አሳጠረችና፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ ደገመችልኝ። ለእኔ! ለእንግሊዝኛ አስተማሪው!

በጣም ፈርቼ እንደነበር፣ ዛሬም እንደፈራሁ በእንግሊዝኛ መለስኩላት። ልጆቹ ከልባቸው ሳቁ። እናትየው ግራ ገብቷቸው ምን እንደተባለ ልጃቸውን በሲዳምኛ ጠየቋት። ማርታ ጥያቄዋንም መልሴንም ተረጎመችላቸው። እናትየው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«ደብተሯ ባዶ ነው፤ አፏ ግን ባዶ አይደለም» አሉና ማስረጃቸውን ዘምቢላቸው ውስጥ መልሰው ከተቱ። ሌሎቹም ወላጆች በአባባላቸው ተስማሙ። ርእሰ መምህሩ ክፍሉ ከሳሮን ጋር እንደሚቀጥል እዚያው ተናገረ።

ኩራቴን የት ላድርገው? ምሳ ሐይቁ ዳር የዓሣ ጥብስ ስንበላ ሦስቴ «የማን ልጅ ነሽ!» አልኳት።

ማታ፣ ዲላ

ቤቴ ስገባ ደብተሩን ከፌስታሉ አወጣሁት። ከዳር እስከ ዳር ጥያቄው የእኔ፣ መልሱም የእኔ ነው። ልጄን ላስተምር ሄጄ ተምሬ መጣሁ፤ አላፈርኩበትም። መነጽሬን አድርጌ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ የማርታን ጥያቄ ስሟን ጠቅሼ ጻፍኩት። በዚያ ደብተር የመጀመሪያው የተማሪ ጥያቄ ነው።