የኮፊያ ስፌት ያለው ቆብ

ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ሎሚ መልቀም ነበር። በጦርነቱ ዓመት ነው፤ እዚሁ ወሎ፣ ግራና በምትባለው መንደራችን፣ አያቴ እማሆይ አየለች በተከሏት ዛፍ ሥር። እሱ ቅርንጫፉን ይነቀንቃል፣ እኔ ነጠላዬን ዘርግቼ እቀበላለሁ። አያቴ የት ገዳም እንደመነኮሱ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ እንደ ልማዱ «እማሆይ ያለ ገዳም፣ ጠላ ያለ ጌሾ!» ብሎ አበሸቀኝ። በማግስቱ እህቱን ሊያመጣ ውርጌሳ ሄደ። ከባድ መሣሪያ መንገድ ላይ አገኘው። ዛሬም ሎሚ ሲሸተኝ እሱና አያቴ ተከታትለው ይመጡብኛል።

እማሆይ ቀጭንና ረጅም ነበሩ። የሎሚ ቅጠልና የበሬ ጠረን ከጋቢያቸው አይጠፋም። የቢጫ ቆባቸው ጠርዝ ዙሪያውን በነጭ ክር እንደ ማር እንጀራ ዓይን ዓይን ሆኖ ተሰፍቷል፤ ቤተ ክርስቲያን የማያቸው መነኮሳይት እንዲህ ያለ ቆብ አልነበራቸውም። ሴት እርፍ በማትይዝበት አገር እሳቸው አርሰው ይገባሉ። ወንዶቹ ሲያልፉ «ያበርታዎት እማሆይ» እያሉ ጎንበስ ይላሉ።

አንድ ቀን «እማሆይ፣ ገዳምዎ የት ነው?» አልኳቸው።

በጅራፋቸው እየጠቆሙ «ከነዚህ በሬዎች ኋላ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

የጌታሁን አርባ እንደወጣ ወንድሙ መጣ። «የእማሆይ ዘር ነሽ። እንደሳቸው ቆብሽን ደፍተሽ ገዳም ግቢ፤ ማሳውን እኔ አርሳለሁ» አለኝ። በክፋት አልመሰለኝም፤ ሁላችንም ያመንነው ነገር ነበር። እኔም እሳቸው በገቡበት ልግባ ብዬ ገዳማቸውን ፍለጋ ወጣሁ። ወልድያና ሐራ የጠየቅኋቸው ቄሶች አላወቋቸውም። በመጨረሻ የድሮ ጎረቤታችን እማማ ሰኢዳ ዘንድ ደረስኩ።

እማማ ሰኢዳ በሳቅ ፍርስ አሉ።

«አብሽሪ ልጄ! የምን ገዳም? አያትሽ ባላቸው ሲሞት ዘመዶቹ መሬቱ እንዲቀርላቸው ለሌላ ሊድሯቸው ተነሱ። አያትሽም እናቴ ዘንድ መጥተው ‹ቆብ ስፊልኝ፤ ቆብ የደፋን ማን ይነካል?› አሏት። እናቴ ደግሞ ከኮፊያ ሌላ ሰፍታ አታውቅ! የአባቴን ኮፊያ አየት እያደረገች ሰፋችላቸው። ክሩን በመርፌው ዓይን ያስገባሁላት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አልመነኮሱም?»

«ወላሂ፣ አንድም ቀን! ግን ማን ደፍሮ ይጠይቅ? በዚያች ቆብ አርሰው እናትሽን አሳደጉ።»

ስመለስ መንገዱን ቀና ብዬ ሄድኩ። ለጌታሁን ወንድም የሰማሁትን ሳልቀንስ ነገርኩት። እሱም «ታዲያ አንቺ ምን ደፍተሽ ልታርሺ ነው?» አለኝ።

«ሻሽ» አልኩት።

አሁን ጧት ጧት ጥቁር ሻሼን አስሬ በሬ እጠምዳለሁ። በገበያ ቀን ሎሚዬን መርሳ ከተማ ወስጄ እሸጣለሁ።