ጥርስ የነከስኩበት ሰው

ዕድሜው አንቱ የሚያሰኝ ነው። ሰው ፊትም አንቱ ስለው ኖሬአለሁ። በልቤ ግን አንድም ቀን ብዬው አላውቅም፤ እዚህም አልለውም። የት አባቱ!

ወደ ዘመሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ነበረው። ጨው ይሸጣል፣ ላምባ ይሸጣል፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል፤ ከሳሙናው ጀርባ ደግሞ በጣሳ የተቀመጠ ክኒን ነበረው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው፤ እኔ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የመንዝ ብርድ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ክረምት ከበጋ ያስለኛል። ጤና ጣቢያ ሩቅ ነው፤ እናቴ ደግሞ ባል የሞተባት ብቸኛ ሴት ነበረች። እሱ ዘንድ ሄዳ «ጋሼ፣ ለልጄ ሳል የሚሆን ነገር» ስትለው ቀይና ቢጫ ካፕሱል ያወጣላታል። «ባሳላት ቁጥር ስጫት፤ ይሄ የማያድነው የለም» ይላታል። እሷም ካፕሱሉን ፈልቅቃ ዱቄቱን በአብሽ ታጠጣኛለች። እንዲህ ስንል ሦስት ዓመት ከረምን።

ሳሉስ ለቀቀኝ፤ አልዋሽም። የልጅነት ጥርሴ ወልቆ አዲሱ ሲበቅል ግን በልዞ በቀለ፤ ቡኒ፣ የዛገ የሚመስል። እናቴ በአመድ ፈተገችው፣ በጨው ፈተገችው፣ በወይራ እንጨት ፈተገችው። ድዴ ደማ እንጂ ቡኒው ንቅንቅ አላለም። ሰዉ ሁሉ የምንጩ ውሃ ነው አለ። ትምህርት ቤት ስሜ ቀርቶ «ቆርቆሮ» ተባልኩ። በመዳፌ አፌን ሸፍኜ መሳቅ የለመድኩት ያኔ ነው። ኋላም ለጋብቻ ሽማግሌ የላኩ ሰዎች መጥተው አዩኝና «በዘር የሚወርድ ነገር ይሆናል» ብለው በዚያው ቀሩ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ ልብ እያለቀሰ ይስቃል። የኔው ባዳ ለመሳቅም አልታደለም።

አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የመድኃኒት ትምህርት ገባሁ። አንድ ቀን መምህሩ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችን ቤተሰብ በቤተሰብ ከነጣጣቸው ያስጽፉናል። ፔኒሲሊኖቹ ለሳምባ ምችና ለቶንሲል ጥሩ ናቸው፤ የማይስማሙትን ሰው ግን ያሳብጣሉ፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ። እነጄንታማይሲን ጆሮና ኩላሊት ይጎዳሉ። ክሎራምፌኒኮል አልፎ አልፎ ደም ያሳጣል። «ቴትራሳይክሊን» አሉ ቀጥለው፣ «ለተስቦ ፍቱን ነው። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅና ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። በማደግ ላይ ያለ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ያበልዛል፤ ዕድሜ ልክ አይለቅም።» ቀይና ቢጫውን ካፕሱል አውጥተው አሳዩን። እስክሪብቶዬ ቆመ። ወተት መድኃኒቱን አስሮ ስለሚያስቀረው አብሮ አይሰጥም ሲሉማ እንደ እብድ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ያን ዘመን ላማችን ባትነጥፍ ኖሮ እናቴ በወተት ታጠጣኝና ጥርሴ ይተርፍ ነበር!

ለእረፍት ስመለስ ቤት እንኳ ሳልገባ ሰውየው ሱቅ ሄጄ ጠየቅሁት። «ምን አውቄ የኔ ልጅ! ያልተማርኩ ሰው፣ ነፍስሽ ትትረፍ ብዬ እንጂ» አለኝ። ቤት ስገባ እናቴም «አላወቀም፣ ይቅር በይው፤ በገዛ እጄ ያጠጣሁሽስ እኔ አይደለሁ?» ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እሷን ማስለቀሱ ከጥርሴ ባሰብኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ በዚያው በበለዘው ጥርሴ ጥርስ ነከስኩበት።

ከዓመታት በኋላ እዚያው አገራችን ጤና ጣቢያ የመድኃኒት መስኮት ላይ ተመደብኩ። አንድ የገበያ ቀን ሰልፉ ረዝሞ፣ ቀና ስል እሱ! የስተርጅና ልጁን ታቅፏል። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ደረቷ ሲር ሲር ይላል። የታዘዘላት አሞክሳሲሊን ነው። እኔ እንደልማዴ አፌን በሻርፕ ሸፍኛለሁና አላወቀኝም። መድኃኒቱን በጥብጬ ጠርሙሱን ላቀብለው ስል ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ይሄ እንኳ ጥርስ የሚያበልዘው አይደለም አይደል?» አለኝ በሹክሹክታ። «ያንን ለልጆቼ ሰጥቼ አላውቅም። ድሮ ያመጣልኝ የነበረው ነጋዴ ገና ከመጀመሪያው አስጠንቅቆኛል።»

ሻርፑን ዝቅ አድርጌ ጥርሴን አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ያውቁ ነበር ማለት ነው» አልኩት። ጠርሙሱን ወደ ራሴ ሳብኩት። «እንግዲህ ለማን ምን እንደሸጡ ጮክ ብለው ለዚህ ሁሉ ሰው ይንገሩልኝ። ከዚያ ይወስዳሉ።»

«ኧረ በእመቤታችን! ልጄ እየታፈነች ነው!»

«አያለሁ። ቶሎ ይናገሩ።»

ኃጢአቴን አልደብቅም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ልጅቱ እያሳለች እሱ እየተንተባተበ ተናገረ። «የሷን ጥርስ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው ለእናቷ የሸጥኩት» አለ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ አንተ አረመኔ!» ስትል ሰማሁ። እሰይ አልኩ በልቤ። ጠርሙሱን ከፈትኩና የመጀመሪያውን ማንኪያ ራሴ አጠጣኋት።

ልጅቱ ዋጥ አድርጋ አፌን ትኩር ብላ አየችው።

«አባዬ ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«አዎ» አልኳት።

አባቷን አየችው፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ያንን ነጭ በነጭ የሆነ ጥርሷን በትንሽ መዳፏ ሸፈነችው፤ ልክ እንደኔ። ጫንቃው ላይ ተደፍታ እስኪወጡ ድረስ እጇን ከአፏ ላይ አላነሳችም።

እኔ ማሳፈር የፈለግሁት እሱን ነበር።