አርባው ዓረፍተ ነገር

ታላቅ ወንድሜ ከመካነ ብርሃን ወደ ጎንደር የመጣው ለፈተና ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተራራ ለማየት ከሚመጡ እንግዶች ኋላ በቅሎ ሲነዳ ኖሯል፤ በቅሎዎቹም የሰው ናቸው። አሁን አስጎብኚ መሆን ፈለገ። ለዚያ በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈውን ደግሞ አይመዘግቡም። እሱ ሠላሳ አምስት የሞላው በዚያው ዓመት ነው። ሌላ ዕድል እንደሌለው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እኔ ቁስቋም ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሑፍ ቤት እሠራለሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ ነው፤ ብቻዬን። ጠያቂም መላሽም አልነበረኝም። ማንበብና መጻፍ ላይ አንዲት ነጥብ አላሳልፍም፤ ሰው ሲያናግረኝ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም።

ከእሱ በፊት ተፈትነው የወደቁ ሰዎች፣ «የሚጥለው ሰምዋንና ኤኒዋን ነው» ብለውታል። ስም ሳንጠራ ስለ ሰው የምንናገርባቸው ቃላት ናቸው፤ እንደ «አንድ ሰው»፣ እንደ «ማንም»፣ እንደ «ሁሉም»። በመጽሐፌ ውስጥ ስድስት ገጽ ይዘዋል። አንድ እሑድ ሙሉ ተቀምጬ ከእነሱ አርባ ዓረፍተ ነገር አወጣሁለት። በማስመሪያ አሰመርኩ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ ዋናውን ቃል በቀይ ጻፍኩ፣ ከሥር ትርጉሙን በአማርኛ አኖርኩ። «ሁሉም» የሚለው ኤቭሪዋን ስለ ብዙ ሰው እያወራ ግሡ ለአንድ ሰው እንደሚሆን ለማሳየት ብቻ አምስት ዓረፍተ ነገር መደብኩ።

ወንድሜ ልጅነቱን የቄስ ትምህርት ቤት ነው ያሳለፈው፤ ዳዊትን በቃሉ ይዟል። እዚያ የኔታ የሰጡትን ቃል በአንዲት ፊደል መለወጥ ነውር ነው። ቃል የገደፈ ተማሪ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አርባውንም በዚሁ መንገድ ያዘው። ጎህ ሲቀድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እየተወዛወዘ፣ ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ ይወጣዋል። ዜማም አበጀለት። በአራተኛው ቀን ሁሉንም ጨረሰ፤ በሰባተኛው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መለሰው። እኔ እስክሪብቶ ይዤ ወረቀቱ ላይ እከተለዋለሁ።

«የኔታ፣ ገደፍኩ?» ይለኛል፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ነው የሚበልጠኝ።

«የለም አያ፣ አልገደፍህም።»

«እንግዲያስ መርቀኛ።»

ኮርቼ ነበር፤ መደበቅ አያስፈልግም።

የምሠራበት ቤት ባለቤት ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በንግድ ከኖሩ የከተማዋ ሙስሊሞች ናቸው። አንድ ቀን ወንድሜ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሲጠብቀኝ በለሆሳስ ሲያዜም ሰሙትና ሳቁ።

«ወንድምህ እንግሊዝኛውን አስቀደሰው እኮ።»

«ጥሩ አድርጎ ይዞታል ጋሼ።»

«መያዙንማ ይዞታል። የእኔም ልጅ ቁርኣን ሐፍዟል፤ ጅዳ ወስደህ ታክሲ ጥራ ብትለው ግን ዝም ነው። እስቲ ጠይቀው።»

አብሬ ሳቅኩ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቤት እንደገባን ቁጥር አሥራ ሰባትን ነካካሁት። «ቤት ውስጥ ማንም የለም» የሚለውን «ገበያ ውስጥ ማንም የለም» አድርጌ በእንግሊዝኛ አነበብኩለት።

ወንድሜ እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳ። «ምነው፣ ትናንት ቤት ነበር።»

«ገበያም ይሆናል አያ። ቤቱን አውጥተህ የፈለግከውን ታስገባለህ።»

«ማን ፈቅዶልኝ?»

አልቀለደም። «የጻፍከው ቤት ብለህ ነው። ተሳስተህ እንደሆነ አርመህ ስጠኝ። ልክ እንደሆነም አታደናግረኝ፤ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።»

ጥያቄ ልጠይቀው አሰብኩ። ሰው ለሰው እንደሚጠይቀው፣ በእንግሊዝኛ፣ ከወረቀቱ ውጭ። አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደሚጀመር አላወቅኩም። ያነበብኳቸው ሁሉ መልሶች ነበሩ።

«እሺ፣ ቤት ነው» አልኩት።

የተፈተነበት ክፍል በረንዳ ላይ ይከፈታል፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። እኔ ከመስኮቱ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፈታኞቹ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ናቸው። ሴትየዋ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ከቤተሰቡ ከእንግዶች ጋር የሠራ ማንም ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው።

ቀጥሎ የወንድሜ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «ቤት ውስጥ ማንም የለም።» ቁጥር አሥራ ሰባት።

ሰውየው፣ ከእንግዶቹ አንዱ ተራራው ላይ ቢታመም ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ።

«አንድ ሰው በሩን ክፍት ትቶታል።» ቁጥር አራት።

ግሡ በቦታው ነው። ከድምፁ አንዲት ፊደል አልተሰበረችም። ሴትየዋ ጥያቄውን ቀስ ብላ ደገመችለት። እሱ ቀጥል የተባለ መስሎት ተከታዩን አወጣ፤ ከዚያም ሌላውን፤ ሳያስበውም ዜማው መጣ። ውስጥ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል ሳል አስመሰለው።

ተነሳሁ። መስኮቱ ትከሻዬ ላይ ይደርስ ነበር። ጭንቅላቴን አስገብቼ ምን እላለሁ? የሰውየውን ጥያቄ ለራሴ ደገምኩና መልሱን በአፌ ፈለግኩት። «አንድ ሰው ቢታመም» ድረስ መጣልኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ወንድሜ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ ፊቱ በርቶ ወጣ።

«ሃያ ሦስቱን አደረስኩላቸው። ሌላው ይብቃ አሉኝ። አንድም አልገደፍኩ፤ ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ አያ።»

«ሸጋ ነበር?»

«ሸጋ ነበር» አልኩት።

በማግስቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዓርብ የሚለጠፈውን የአላፊዎች ስም ዝርዝር እንድመለከትለት አደራ ብሎኝ ነው የሄደው።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ አሥራ አንድ ስም። ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። ከታች ወደ ላይ አነበብኩ። ከዚያ በጣቴ እየጠቆምኩ፣ የአባትና የአያት ስም ተቀያይሮ እንደሆነ አየሁ። የለም። ቀትር ላይ ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ወጥቶ ደወለልኝ፤ ነፋሱ ይሰማል።

«የለህም አያ» አልኩት።

«የትኛውን ነው የገደፍኩት?»

«አንድም አልገደፍህም።»

«ታዲያ ምነው?»

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። መልስ ብቻ ሰጥቼው ጥያቄ እንዳልሰጠሁት፣ እኔም ራሴ መጠየቅ እንደማልችል፣ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ሰምቼ ሸጋ ነው እንዳልኩት። ብዙ ተናገርኩ። ሳያቋርጠኝ አዳመጠ።

«አንተማ ያለህን ሰጠኸኝ» አለ። ከዚያም ቅዳሜ ወደ ላይ የሚወጡ እንግዶች እንደመጡ፣ በቅሎዎቹን እንዲያዘጋጅ እንደታዘዘ ነገረኝ።

«በል ደህና ሁን፤ መጫኛ ልፈልግ» አለኝ።