ተዘቅዝቆ የኖረው በረኛ

«ኮቱ፣ ነይ ቶሎ። በረኛሽ ተገኝቷል» አለችኝ ጓደኛዬ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ፣ በአጥራችን ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ። በጳጉሜን ጭቃ ስሮጥ አንዱ ጫማዬ ተውጦ ቀረ፤ አልተመለስኩለትም።

ለማታውቁ ላስረዳ። የምወደውን የአዲስ አበባ ቡድን ተጫዋቾች ፎቶ ከአሮጌ ጋዜጣ እየቆረጥኩ፣ በሸሚዝ ካርቶን ላይ እየለጠፍኩ ካርድ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ጋዜጣው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የማሊያቸውን ቀለም የማውቀው በወሬ ብቻ ነው። አሰላ ውስጥ ጋዜጣ ተነቦ ሲያበቃ ወይ ስኳር ይጠቀለልበታል፣ ወይ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ዘጠኝ ተጫዋቾችን ከስኳር መጠቅለያ፣ ግራ ክንፉን ደግሞ ከጓዳችን ግድግዳ አስጥያለሁ። እሱንም ቸኩዬ ስስበው አንድ እግሩ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። በረኛው ግን ጨርሶ አልተገኘም። ወንድሜ ካርዶቼን ባየ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ገባባችሁ?» ይለኛል።

በረኛው የተገኘው ልብስ ከሚሰፉት ጎረቤታችን ቤት፣ ከስፌት መኪናቸው በላይ ግድግዳው ላይ ነው። ለቀሚስ ስለካ ስንት ጊዜ ፊት ለፊቱ ቆሜ አላወቅሁትም። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ገጹን የለጠፉት ገልብጠው ነበር። ኳስ ሊይዝ የዘለለው ሰውዬ በእግሩ የተንጠለጠለ የሌሊት ወፍ መስሏል። ጓደኛዬም ያወቀችው መሬት የወደቀ መርፌ ስትፈልግላቸው፣ ጎንበስ ብላ በእግሮቿ መሃል ወደ ኋላ አይታ ነው።

ስደርስ የዱቄት ሙጫቸው ከምድጃ ወርዷል። እንቁጣጣሽ ሳይገባ አዲስ ጋዜጣ እየለጠፉ ነበር፤ ከበሩ ጀምረው ሦስት ገጽ ሄደዋል።

«እማማ፣ ያንን ሰውዬ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ይሄንን? ስንት ዓመት ሙሉ አሁን ወደቀብኝ እያልኩ ነው የምሰፋው። ውሰጂው። ግን ሙጫ ከቀዘቀዘ ይጓጉላል፣ አልጠብቅሽም። እጄ እዚያ እስኪደርስ ካላነሳሽው እለጥፍበታለሁ።»

ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክሬ ፎቶው ላይ ተጭኜ ያዝኩ። እሳቸው አራተኛውን ለጠፉ። ጠርዙን በጥፍሬ ሞከርኩት፤ እምቢ አለ። አምስተኛውን ለጠፉ። ጓንቱ ለቀቀ፣ ክንዱ ተከተለ፣ ትከሻው ላይ ሲደርስ የግድግዳው ጭቃ ያዘው። የስድስተኛው ገጽ ጫፍ ክርኔን ነካኝ፤ እርጥብ ነው።

«ሱታ፣ ሱታ» አሉኝ፣ ቀስ በዪ ማለታቸው ነው። እሳቸው ግን ቀስ አላሉም።

እንደገና ነከርኩ። ጓደኛዬ የሆነ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኔ ገሠጽኳት። ግራ ክንፉ፣ ያ ባለ አንድ እግሩ፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አልሳብኩም። እማማ ሰባተኛውን ገጽ ሙጫ ቀብተው፣ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ከጀርባዬ ቆሙ። የሙጫው ጠብታ አንገቴ ላይ ወረደ። ያኔ በረኛው በራሱ ጊዜ፣ ከነፊቱ ከነጓንቱ፣ መዳፌ ላይ ተኛ።

«ኳሱ ቀረ» አለች ጓደኛዬ።

«ይቅር» አሉ እማማ፣ ላዩ ላይ እየለጠፉ። «እዚህ ከቀረ አልገባበትማ።»

ቀና ብዬ አዲሱን ገጽ ሳይ እሱም ተዘቅዝቋል። ነገርኳቸው፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ጓዳውን ስለጥፍ ነይና እያቀናሽ አቀብዪኝ። ፎቶ የሚፈልጉትንም ጥሪያቸው። አሮጌው የእነሱ ነው።»

ይኸው ጠርቻለሁ። ጨርቅ ይዛችሁ፣ ሙጫው ከምድጃ ሳይወርድ ኑ። የጎደላችሁ ተጫዋች እዚያ ይኖር ይሆናል። ስትፈልጉ ግን አንገታችሁን ዘቅዝቁ።