የሰርኬ ምች

የዳማከሴ ሽታ በመጣባት ቁጥር ሰርኬ የእናቷ መዳፍ ትዝ ይላታል። ስማዳ፣ ከወገዳ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር፣ ልጅ ሳለች ከአጨዳ መልስ ራሷን ፈልጧት ስትተኛ፣ እናቷ ከአጥሩ ሥር ቅጠሉን ቀንጥባ በሁለት እጇ ታሽና ጭማቂውን በአፍንጫዋ ታንጠባጥብላት ነበር። ዓይኗ ያለቅሳል፣ ጉሮሮዋ ይቃጠላል። ከዚያ ተከናንባ ትተኛለች፤ ያልባታል፤ ሲነጋ ምቹ ለቋት፣ ርቧት ትነሳለች። በዚያ ዘመን ላብ የመዳን ምልክት ነበር።

ወደ ላይ ጋይንት ያመጣት ትዳር ነው። ጥጋቡ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ገብስና ባቄላ የሚያርስ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሳቁ ግን ቅርብ የሆነ ሰው ነው። ሲጋቡ ሁለቱም አፍላ አልነበሩም፤ እሷም ከመጀመሪያ ባሏ ሳትወልድ ነበር የተለያየችው። ጥጋቡ ግን በዓመቱ የፍየል ቆዳ አስለፍቶ አንቀልባ አሰፋ። ጎረቤቱ "ልጁ የት አለና ነው ማዘያው?" ብሎ ሲስቅበት፣ "ልጁ ሲመጣ ቆዳ ፍለጋ ገበያ ለገበያ አልንከራተትም" አለው። አንቀልባው ከመደቡ በላይ ካለው ችካል ላይ ተሰቀለ። ፅንስ ሁለት ጊዜ ተይዞ ሁለት ጊዜ ወረደ፤ አንቀልባው ግን ከችካሉ አልወረደም። ጥጋቡ በየፋሲካው፣ ጾሙ ተፈቶ ቅቤ ሲገኝ፣ ቆዳው እንዳይሰነጣጠቅ እያሻሸ ይቀባዋል።

ድንገት የሚነሳ ሙቀት የጀመራት በጥቅምት ነው፤ የጋይንት ነፋስ ጆሮ በሚቆርጥበት ወር። ማሳ ዳር ቆማ ሳለች ከደረቷ የተነሳ እሳት አንገቷን አልፎ ፊቷ ላይ ወጣ። ነጠላዋን ጣለች። ላቡ ወረዳት፤ ወዲያው ደግሞ አንቀጠቀጣት። ጥጋቡ ሥራውን ጥሎ መጣ።

"ምን ሆንሽ?"

"ምች ሳይመታኝ አልቀረም" አለችው። ያን ጊዜ እውነት መስሏት ነበር።

ምች አለመሆኑን የነገረቻት እትዬ ደጊቱ ናት፤ የሰፈሩ ሴቶች ቅጠል የሚጠይቋት ጎረቤት። ሰርኬ የወር ልማዷ ከቀረባት መቆየቱን ስትነግራት አሮጊቷ ሳቀች።

"አርጠሻል እቴ። እንኳን ደህና መጣሽ፤ እኛ እዚህ ቤት ከገባን ቆየን።"

"የሚመልሰው ቅጠል አያጡም እርስዎ።"

"ለሆድ ቁርጠት አለኝ፣ ለራስ ምታትም አለኝ። የሄደ ዕድሜ የሚመልስ ቢኖረኝ ኖሮ እኔው ራሴ ዛሬ እስክስታ ላይ ነበርሁ።"

ሰርኬ አልሳቀችም። "ለጥጋቡ ምን እለዋለሁ? ልጅ እየጠበቀ ነው እኮ።"

"ለጊዜው ምች ነው በይው። ወንድ ከምች አልፎ ምን ያውቃል።"

እንዳለቻት አደረገች። ለጥቂት ቀን ብቻ ብላ ነበር። ጥጋቡ ግን ቃሏን አምኖ ተነሳ። ዳማከሴ በዚያ ብርድ እንደ ስማዳ አይፋፋምና ወገዳ ዘመዶቿ ዘንድ ድረስ ወርዶ ችግኝ አመጣ። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ተከለው፤ ማታ ማታ ውርጭ እንዳይመታው ገለባ ያለብሰዋል። ሙቀቱ ሲነሳባት ራሱ ቀንጥቦ፣ ሞፈር ባሻከረው መዳፉ አሽቶ ይጨምቅላታል። "አይዞሽ፣ ማግ አድርጊው" ይላታል። ሽታው የእናቷ ሽታ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ማዞር አማራት።

ቅጠሉ ራሷን ቀለል ያደርግላታል፤ ደጊቱ የሰጠቻት የተልባ ውሃም ሆዷን አለዘበላት። እሳቱ ግን በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

ልትነግረው ያሰበችበት ቀን ብዙ ነው። ባለፈው ፋሲካ አንቀልባውን አውርዶ ቅቤ ሲቀባ አጠገቡ ተቀምጣ "ጥጋቡ" አለችው። ቀና ብሎ፣ "ምቹ ብቻ ይልቀቅሽ፤ ሌላው በእመቤቴ እጅ ነው" አላት። ቅቤው ሲያልቅበት ከቅሉ ጨልፋ አቀበለችው።

ሁለተኛው ክረምት ሲያልፍ ጥጋቡ ፈራ። "ምች እንዲህ አይከርምም፤ ሌላ ነገር እንዳይሆን" አለና በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። በሩ ላይ "ብቻዬን ልግባ" ብትለው፣ "ምን ልትደብቂኝ ነው?" ብሎ እየሳቀ ተከተላት።

ነርሷ ራሄል የምትባል ወጣት ናት። ጥጋቡ ከኪሱ ዳማከሴ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

"ይሄን ነው የምጨምቅላት። ብርድ ላይ የበቀለ ስለሆነ ጉልበት አጥቶ ይሆን?"

ራሄል ቅጠሉን አሸተተችው። "ደኅና ቅጠል ነው አባቴ።" ወደ ሰርኬ ዞረች። "የወር አበባ ካዩ ዓመት አልፎዎታል?"

ሰርኬ መሬት መሬት እያየች፣ "አለፈኝ" አለች።

"ከዚያ ወዲህ ደም ታይቶዎት ያውቃል?"

"የለም።"

ራሄል ግፊቷን ለካች፤ የምትጠጣውንም፣ ሌላም ሌላም ጠየቀቻት። በመጨረሻ፣ "ይሄ ምች አይደለም፤ ማረጥ ነው" አለች። "በሽታም አይደለም። ተልባውን ቢጠጡ አይከፋም፤ ጠቀመኝ የምትል ሴት አለች፣ ምንም አላየሁበትም የምትልም አለች። ሙቀቱ እንቅልፍ ከነሳዎት ሐኪሙ የሚያዝልዎ መድኃኒት አለ። ያረጠን ሰው የሚመልስ ቅጠል ግን የለም።"

ጥጋቡ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ሰርኬ።"

"አቤት።"

"ፋሲካ ዕለት ታውቂ ነበር?"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ቅቤውን አቀብለሽኛል እኮ" አለ፤ ድምፁ ከፍ አላለም።

ደጊቱ የነገረቻት ዕለት ማሳው ድረስ ሄዳ ነግራው ቢሆን ኖሮ፣ አብሯት ያለቅስ ነበር፤ ከዚያም አብረው ወደ ቤት ይገቡ ነበር። ይሄን አሁን ልትለው ፈለገች። በዚያው ቅጽበት እሳቱ ከደረቷ ተነሳ፤ ፊቷ ቀላ፣ ላቡ በግንባሯ ወረደ። ጥጋቡ እጁን ወደ ቅጠሉ ዘረጋ፤ ሳይነካው መለሰው።

ተነሳና ዱላውን ከግድግዳው አነሳ። ነርሷንም እሷንም ደህና ዋሉ ሳይል በሩን ከፍቶ ወጣ።